አንድ ቡሎን፣ አንድ ቀዳዳ

ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። ገንቢዋ በሙያዋ የሶፍትዌር ባለሙያ ስትሆን፣ አሜሪካ ቨርጂኒያ በሚገኘው ቤቷ ጋራዥ ውስጥ አርቪ-7 የተባለች ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላን በገዛ እጇ ትገጣጥማለች። መካኒኩ ሙያውን አዲስ አበባ በአየር መንገድ ጥገና ክፍል የተማሩ፣ ኋላም አሜሪካ የሠሩ ጡረተኛ ናቸው። ጉዳያቸው የክንፉን የኋላ ስፓር፣ ማለትም በክንፉ ርዝመት የተዘረጋውን የኋላ ተሸካሚ ምሰሶ፣ ከአውሮፕላኑ አካል ጋር የሚያያይዘው ቡሎን የሚገባበት አንድ ቀዳዳ ነው።

ገንቢዋ፦ ጋሼ፣ ያዘዝኩት ሪመር፣ የቀዳዳ ልክ ማስያዣው፣ ደረሰልኝ። 0.3115 ኢንች ነው። ክንፉን በክላምፕ ይዤ፣ በስቼ፣ በሪመር አስተካክዬ ቅዳሜ ላስረው ነው።

መካኒኩ፦ ቡሎኑን ለካሽው?

ገንቢዋ፦ ምኑን እለካዋለሁ? ኤኤን 5 ነው፤ 5/16 ኢንች።

መካኒኩ፦ 5/16 መጠሪያው ነው። በአሥርዮሽ ስትጽፊው 0.3125 ይሆናል። የኤኤን 5 ቡሎን ግንድ ግን ከ0.309 እስከ 0.312 ኢንች ባለው ክልል እንዲያርፍ ነው ደረጃው የሚፈቅድለት። አንዱ ወደ ላይኛው ዳርቻ ይጠጋል፣ ሌላው ወደ ታችኛው፤ ሁለቱም ጤነኛ ቡሎኖች ናቸው። በመካከላቸው ያለው 3 ሺኛ ኢንች የአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ያህል ነው።

ገንቢዋ፦ በፀጉር ልንጣላ ነው?

መካኒኩ፦ እንጣላለን እንጂ። ቡሎንሽ 0.3110 ከሆነ ይህ ሪመር በሚተወው ቀዳዳ ውስጥ ያለው ክፍተት ግማሽ ሺኛ ነው፤ በአውራ ጣት ተገፍቶ ይገባል፣ ከገባም አይነቃነቅም። 0.3092 ከሆነ ከ2 ሺኛ በላይ ይንቀሳቀሳል። 0.3118 ከሆነ ደግሞ በመዶሻ ካልሆነ አይገባም። ሪመሩ ያው፣ ቀዳዳው ያው፣ ውጤቱ ሦስት ዓይነት። ስለዚህ ቀድሞ የሚለካው ቡሎኑ ነው፤ እሱም በማይክሮሜትር።

ገንቢዋ፦ ካሊፐር አለኝ፤ እስከ ግማሽ ሺኛ ያሳያል።

መካኒኩ፦ ማሳየቱን ያሳያል፤ የተራ ዲጂታል ካሊፐር ስህተቱ ራሱ አንድ ሺኛ ያህል ነው። አንቺ የምትፈልጊው ከዚያ ያነሰውን ነው።

ገንቢዋ፦ ይሁን፣ ማይክሮሜትር እገዛለሁ። ግን አንድ ነገር ይመልሱልኝ። የአሜሪካው አቪዬሽን ባለሥልጣን ኤፍኤኤ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣውን ኤሲ 43.13-1ቢ የተባለ የጥገና መመሪያ አንብቤያለሁ። ለቡሎን ቀዳዳ፣ ከቡሎኑ መጠሪያ ቀጥሎ ያለውን በፊደል የሚታወቅ ፑንታ መጠቀም በጥቅሉ ይፈቀዳል ይላል። ለ1/4 ኢንች ቡሎን ያ ፑንታ «ኤፍ» ነው፤ 0.257። የቡሎኑ ግንድ ደግሞ ከ0.249 አይበልጥም። መንግሥት 8 ሺኛ ክፍተት ፈቅዶልኝ ሳለ እኔ ስለ ግማሽ ሺኛ ለምን እንቅልፍ አጣለሁ?

መካኒኩ፦ ዓረፍተ ነገሩን እስከ ነጥቡ ብታደርሺው ኖሮ መልሱን ታገኚው ነበር። እዚያው ላይ በሪመር ተስተካክለው ጥብቅ ብለው የሚገቡትን ቡሎኖች፣ ጠባብ ቶለራንስ ያላቸውን የኤንኤኤስ ቡሎኖችና የክሌቪስ ቡሎኖችን ለይቶ ያወጣቸዋል። ጥብቅ ብሎ መግባት ምን ማለት እንደሆነም ይናገራል፤ ባለ 5/8 ኢንች ቡሎን ከቀዳዳው በ0.0006 ኢንች ሲበልጥ ነው። በሚሊ ሜትር 0.015 ገደማ። አንዱ አንቀጽ 8 ሺኛውንም ይፈቅዳል፣ ከሺኛ በታች የሆነውንም ይጠይቃል። የአንቺ ፈንታ ቀዳዳሽ ከየትኛው ወገን እንደሆነ መለየት ነው።

ገንቢዋ፦ በምን እለየዋለሁ?

መካኒኩ፦ በሚሸከመው ጭነት። የቡሎን ሥራ ብዙ ዓይነት ቢሆንም ለአንቺ በሦስት ብንከፍለው ይበቃል። አንደኛው ነገርን ከነገር ጋር አጥብቆ የሚይዝ ነው፤ የባትሪ መደርደሪያ፣ የመሣሪያ መስቀያ። እዚያ ጭነቱ ትንሽ ነው፣ ተለቅ ያለ ቀዳዳ አይጎዳም። ሁለተኛው መዞሪያ ነው፤ የመቆጣጠሪያ ዘንጎች የሚገናኙበት፣ ቤልክራንኩ የሚዞርበት። እዚያ ቡሎኑ ወይም ቡሺንጉ ያለ ችግር መዞር አለበት። ሪመር ይገባበታል፤ የሚገባው ግን ነሐሱን ቡሺንግ አለስልሶ ልኩን ለማስያዝ ነው እንጂ ለማጣበቅ አይደለም።

ገንቢዋ፦ ሦስተኛው የእኔ ይሆናል።

መካኒኩ፦ የአንቺው ነው። ሁለት ብረቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ሊንሸራተቱ ሲሉ በመካከል ቆሞ የሚያግዳቸው ቡሎን። የአርቪ የኋላ ስፓር ጫፍ ከአካሉ በወጡት ሁለት ሳህኖች መካከል ይገባል፤ ቡሎኑ ሦስቱንም አቋርጦ ያልፋል። ነፋስ ክንፉን ወደ ላይ ሲገፋው፣ መልሶ ሲለቀው፣ ኤለሮኑ ሲጠመዝዘው፣ ጭነቱ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። በቀዳዳው ውስጥ ክፍተት ካለ ቡሎኑ በእያንዳንዱ ምልልስ ግድግዳውን ይመታል። ቡሎኑ ብረት ነው፣ ግድግዳው አልሙኒየም። የሚሸነፈው ማን እንደሆነ አልነግርሽም።

ገንቢዋ፦ ቀዳዳው ይሞላለላል።

መካኒኩ፦ ሲሞላለል ክፍተቱ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ምቱ ይበረታል፣ ምቱ ሲበረታ ይበልጥ ይሞላለላል። በሪቬት ዙሪያ ጥቁር ዱቄት ሲወጣ አይተሽ ታውቂያለሽ? መካኒኮች «አጨሰ» የሚሉት? እሱ እየተፋተገ የተፈጨ አልሙኒየም ነው። የላላ ቡሎንም እንደዚያው ያጨሳል፤ ልዩነቱ በስፓሩ ውስጥ ተደብቆ ስለሚያጨስ ቶሎ አለመታየቱ ነው።

ገንቢዋ፦ ግን ቡሎኑ በዳዶ ይጠብቃል እኮ። ሳህኖቹ ተጨምቀው ሲያዙ በመካከላቸው ያለው ሰበቃ ጭነቱን አይሸከምም?

መካኒኩ፦ የተወሰነውን ይሸከማል፤ ሥሌት ውስጥ ግን አይገባም። የአውሮፕላን ንድፍ አውጪ እንዲህ ያለውን መጋጠሚያ ሲያሰላ ጭነቱን በሙሉ ለቡሎኑ ግንድና ለቀዳዳው ግድግዳ ነው የሚሰጠው። ቀለሙ ሲሳሳ፣ የዳዶው ማጥበቂያ ናይሎን ሲያረጅ፣ ዳዶው ትንሽ ሲላላ ሰበቃው ይቀንሳል። ግንዱና ግድግዳው ግን እዚያው ናቸው።

ገንቢዋ፦ እንግዲያው ዋናው ስፓር ላይ ያሉት ብዙ ቡሎኖች ይሻላሉ ማለት ነው። አንዱ ቢላላ ሌላው ይይዛል።

መካኒኩ፦ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሁለት ቡሎኖች ጎን ለጎን አሉ እንበል። አንዱ ቀዳዳውን ሞልቶ ተቀምጧል፣ ሌላው 5 ሺኛ ክፍተት አለው። ጭነት ሲመጣ ያልሞላው ገና ግድግዳውን ሳይነካ የሞላው ሙሉውን ይሸከማል። አልሙኒየም ግን ከመሰበሩ በፊት ይለጠጣል፤ ጭነቱ በጣም ከበዛ የሞላው ቀዳዳ ይለጠጥና ሁለተኛው ቡሎን ይደርስለታል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ እስኪሰበር ብትጭኚው ልዩነቱ ያን ያህል ላይታይሽ ይችላል።

ገንቢዋ፦ ታዲያ ምኑ ላይ ነው ጉዳቱ?

መካኒኩ፦ በየቀኑ በረራ ላይ። በየቀኑ የሚመጣው ጭነት ብረቱን እስኪለጥጠው አይደርስም፤ ስለዚህ ሁለተኛው ቡሎን ዕድሜውን ሙሉ ተመልካች ሆኖ ይቀራል። የሞላው ብቻውን ይደክማል። ብረት በአንድ ጊዜ ሳይሆን በተደጋጋሚ ትንንሽ ጭነት ሲዝል፣ ፋቲግ የምንለው፣ ስንጥቁ የሚጀምረው ከእንዲህ ዓይነቱ ቀዳዳ ከንፈር ነው። ከባድ ጭነት የቀዳዳን ስህተት ሊምር ይችላል፤ ፋቲግ አይምርም። ለዚህ ነው የአርቪ ዋና ስፓር ቀዳዳዎች ልካቸው ተጠብቆ ከፋብሪካ የሚመጡልሽ፣ ቡሎኖቹም የኤንኤኤስ የሆኑት።

ገንቢዋ፦ የኋላውን ብቻ ለእኔ ለምን ተዉት?

መካኒኩ፦ የክንፉን አቀማመጥ የሚቆልፈው እሱ ስለሆነ። ክንፉ በዋናው ስፓር ከተያዘ በኋላ የኋላውን ጫፍ በትንሹ ከፍና ዝቅ በማድረግ ክንፉ ከአካሉ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን ታስተካክያለሽ። የግራና የቀኙ እኩል ካልሆኑ አውሮፕላኑ በበረራ ላይ ወደ አንድ ጎን እያዘነበለ ያስቸግርሻል። ያቺን ማዕዘን ካገኘሽ በኋላ የምትበሺው ቀዳዳ ለዘለቄታው ያጸናታል። ለመሆኑ አካሉን አስተካክለሽ አቁመሻል?

ገንቢዋ፦ በውሃ ልክ፣ በርዝመቱም በወርዱም። ከክንፎቹ የፊት ጠርዝ አራት ቱምቢ አወረድኩ፤ አራቱም በአንድ መስመር ናቸው። ከክንፍ ጫፍ እስከ ጭራ ያለውንም በሁለቱም በኩል ለካሁ።

መካኒኩ፦ ጎበዝ። አሁን የጠርዝ ርቀቱን ንገሪኝ።

ገንቢዋ፦ ከቀዳዳው መሐል እስከ ብረቱ ጠርዝ ቢያንስ 5/8 ኢንች። የቡሎኑ ውፍረት ሁለት እጥፍ።

መካኒኩ፦ በየትኛው ብረት ላይ?

ገንቢዋ፦ በሁሉም ላይ። በስፓሩም፣ በአካሉ ሳህኖችም።

መካኒኩ፦ ችግሩም እዚያው ነው። በምትበሺበት ሰዓት የስፓሩ ጫፍ በሳህኖቹ መካከል ተደብቋል፤ በዓይንሽ የምታዪው የሳህኑን ጠርዝ ብቻ ነው። በሳህኑ ላይ ያማረ ቦታ መርጠሽ ስትበሺ በውስጥ ያለው ስፓር ላይ ጠርዙ ቀርቦ ሊገኝ ይችላል። ክንፉን ከማስገባትሽ በፊት በስፓሩ ጫፍ ላይ 5/8 ገባ ብለሽ መስመር አስምሪ፤ ከገባም በኋላ ከውጭ ሆነሽ እንድታዪው መስመሩን ወደ ኋላ አርዝሚው። ሁለቱ የሚፈቅዱት ቦታ ተደራርቦ የሚገኘው ስፋት ትንሽ ነው።

ገንቢዋ፦ ጠርዙ በትንሽ ቢቀርብስ? ቡሎኑ መቼስ አይሰበርም።

መካኒኩ፦ ቡሎኑማ አይሰበርም። አንድ ኤኤን 5 በአንድ በኩል ሲቆረጥ 5,750 ፓውንድ ይችላል፤ ከ2,600 ኪሎ በላይ። የአንቺ በሁለት ሳህን መካከል ስለሆነ በሁለት ቦታ ነው የሚቆረጠው፤ እጥፉን ይችላል። ከቡሎኑ በፊት የሚያልቀው ላሜራው ነው፤ ቡሎኑ ጠርዙን ቀዶ ይወጣል። ሁለት እጥፍ የተባለው ለዚህ ነው።

ገንቢዋ፦ እሺ፣ ቦታው ተገኘ እንበል። አሁን ሪመሩ ይምጣ?

መካኒኩ፦ ገና ነው። ሪመር ምን እንደማይሠራ ልንገርሽ። ቀዳዳ አይጀምርም፣ ቦታ አያርምም፣ የተጣመመ ቀዳዳ አያቀናም። የሚቆርጠው በጫፉ ባለችው ተዳፋት ብቻ ነው፤ ጎኑ ይመራዋል እንጂ አይቆርጥም። ፊት ለፊቱ ያገኘውን ቀዳዳ ይከተላል። ቀዳዳው ወደ ግራ ካዘነበለ፣ ክብና ለስላሳ ሆኖ ወደ ግራ ያዘነበለ ቀዳዳ ይሰጥሻል።

ገንቢዋ፦ ታዲያ በቀጥታ 5/16 ፑንታ ብጠቀም ምን ይለየዋል?

መካኒኩ፦ ፑንታ ሁለት ስለት ብቻ ነው ያለው። በስስ ብረት ውስጥ ጫፉ በወዲያ በኩል ብቅ ሲል መሐሉን የሚይዝለት ያጣል፤ ይወዛወዛል። የሚተወው ቀዳዳ ከራሱ በጥቂት ሺኛ የሰፋ፣ በደንብ ካየሽው ክብነቱን ያጣ፣ ሦስት ጎን ያለው ነገር ነው። ቡሎኑ ገብቶ ጥብቅ ያለ ቢመስልም የሚነካው በሦስት መስመር ላይ ነው። እነዚያ መስመሮች በጥቂት ሰዓት በረራ ይዳመጡና ቡሎኑ ይላላል። የዚህ ልክ ሪመር አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ስለት አለው፤ ዙሪያውን ይይዛል፣ የሚያነሳውም ጥቂት ነው። ለዚህ ነው ክብነቱንና ልኩን የሚሰጥሽ።

ገንቢዋ፦ ጥቂት ሲሉ ስንት ነው?

መካኒኩ፦ ለዚህ ልክ 1/64 ኢንች ገደማ። 19/64 ፑንታ 0.2969 ነው፤ ከ0.3115 ስትቀንሺው 14 ተኩል ሺኛ ይቀርሻል፣ 0.37 ሚሊ ሜትር። ፑንታው ራሱ ትንሽ አስፍቶ ስለሚበሳ በተግባር ከዚያ ያነሰ ነው የሚቀረው። ብዙ ከተውሽለት ፍቅፋቂው ቦዮቹን ይሞላና ግድግዳውን ይቧጭራል። በጣም ጥቂት ከተውሽለት ደግሞ መቁረጡን ትቶ ያሻሻል፤ ስለቱም ይሞታል።

ገንቢዋ፦ ስለዚህ በ1/8 እጀምራለሁ።

መካኒኩ፦ በ1/8 ጀምሪ፤ ከዚያ አቁሚና ክንፉን አውጥተሽ የጠርዝ ርቀቱን በሦስቱም ብረት ላይ ለኪ። 1/8 ላይ ሳለ ስህተት ገና መመለሻ አለው። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነበር ይሉ የለ? ቀዳዳ አንዴ ከሰፋ ለቅሶ አያጠበውም። ልክ ሆኖ ካገኘሽው ክንፉን መልሰሽ፣ አቀማመጡን እንደገና ለክተሽ፣ በክላምፕ አጥብቀሽ ወደ 1/4፣ ከዚያ ወደ 19/64 ሂጂ። ትራፓኖውን በእጅሽ ብቻ አትመኚው፤ የብረት ቡሺንግ የተቀበረበት መምሪያ አስደግፊ፣ ቀጥ ብሎ እንዲገባ።

ገንቢዋ፦ ሦስቱንም አብሬ መብሳት አለብኝ? ለየብቻ ብበሳቸው ለሥራ ይቀለኛል።

መካኒኩ፦ ይቀልሻል፤ ግን ሦስት ጥሩ ቀዳዳዎች ታገኛለሽ፣ አንድ ቀዳዳ አታገኚም። አብረው ተይዘው ሲበሱና በአንድ ሪመር ሲታለፉ የጋራ መሐል ይኖራቸዋል። ከዚያ በኋላ የግራው ለግራ፣ የቀኙ ለቀኝ ነው፤ ምልክት አድርጊበት።

ገንቢዋ፦ አሁንስ ሪመሩ?

መካኒኩ፦ አሁን ይምጣ። ፍጥነቱ ከፑንታው በግማሽ ወይም ከዚያ በታች፤ ግፊቱ ግን ከፑንታው በረታ ያለ፣ ሳያቋርጥ። ቀስ ብለሽ ዙሪ፣ ቆፍጠን ብለሽ ግፊ። የመቁረጫ ቅባት አትንሺው፤ ከጠፋ ላምባም ለአልሙኒየም ይሠራል። አልሙኒየም ስለት ላይ ይጣበቃል፤ የተጣበቀው ቅንጣት ራሱ ስለት ሆኖ ግድግዳውን ይቦጫጭራል። ካለፈ በኋላ ወደ ኋላ አታዙሪው።

ገንቢዋ፦ ለማውጣትም?

መካኒኩ፦ ለማውጣትም። ወደ ፊት እየዞረ ሳለ ሳቢው። ወደ ኋላ ከዞረ ፍቅፋቂው በስለቱና በግድግዳው መካከል ይወተፋል፤ ቀዳዳውም ይጫራል፣ ሪመሩም ይደነዝዛል። ትራፓኖውንም ወደ ጎን አትጫኚው፤ የቀዳዳው አፍ እንደ መለከት ይከፈትብሻል።

ገንቢዋ፦ 0.3115 የተጻፈበት ሪመር በእርግጥ 0.3115 ቀዳዳ ይሰጣል?

መካኒኩ፦ ይህን ጥያቄ ሳትጠይቂኝ እንዳትሄጂ ስጠብቅ ነበር። በትክክለኛ ማሽን ላይ፣ ለልኩ ይጠጋል። በእጅ በተያዘ ትራፓኖ ግን ትንሽ ሊያሰፋ ይችላል። ስለዚህ ከዚያው ዓይነት ቁርጥራጭ ብረት ያንኑ ውፍረት ደራርበሽ፣ በዚያው ፑንታ፣ በዚያው ሪመር፣ በዚያው ቅባት ሞክሪ። የምትጠቀሚበትን ቡሎን አስገቢበት። በጣትሽ ግፊት ከገባና ወደ ጎን ስትነቀንቂው እንቅስቃሴ ከሌለው እጅሽም ሪመሩም ታምነዋል። ልኩን በቁጥር ማወቅ ከፈለግሽ በሺኛ የሚለያዩ የመለኪያ ፒኖች አሉ፤ የሚገባው ትልቁና የማይገባው ትንሹ ቀዳዳሽን በመካከላቸው ያስቀምጡልሻል።

ገንቢዋ፦ ለምን ትንሽ ጠበብ አድርጌ በመዶሻ አላስገባውም? የበለጠ አይጸናም?

መካኒኩ፦ ጥብቅ ሁሉ ጥሩ አይደለም። ቡሎኑ በካድሚየም የተለበጠ ነው፤ ልባጩ ከዝገት የሚጠብቀው ልብሱ ነው። በግድ ስትነጂው ልባጩ ይላጣል፣ የአልሙኒየሙም ግድግዳ አብሮ ይቧጨራል። ተልጦ እርቃኑን የቀረ ብረትና አልሙኒየም እርጥበት ሲያገኙ እርስ በርስ ይበላላሉ። ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ለምርመራ ልታወጪው ስትፈልጊ እንደገና በመዶሻ። ፋብሪካዎች ሆን ብለው ቡሎንን ከቀዳዳ አስበልጠው የሚያስገቡበት አሠራር አለ፤ እነሱ ግን መጠኑን ያሰሉት ናቸው፣ መሣሪያውም አላቸው። ፕላንሽ ካላዘዘሽ አትፍጠሪው።

ገንቢዋ፦ ካስተካከልኩ በኋላ ወዲያው ላስር?

መካኒኩ፦ ክንፉን እንደገና አውጪው። አውቃለሁ፣ ሰልችቶሻል። በብረቶቹ መካከል የገባውን ፍቅፋቂ ጥረጊ፣ የቀዳዳውን ከንፈር ሹልነት በስሱ አንሺ። በስሱ ብያለሁ፤ አጥልቀሽ ከሞረድሽው ቡሎኑ የሚደገፍበትን ግድግዳ ቀንሰሽ ለሪመር የደከምሽበትን ትጥይዋለሽ። የቡሎኑንም ርዝመት እዪ፤ ጥርሱ ቀዳዳው ውስጥ ተቀምጦ ጭነት እንዳይሸከም፣ የሚሸከመው ለስላሳው ግንድ እንዲሆን። ስታስሪ ራሱን ይዘሽ ዳዶውን አዙሪ። ለዚህ ቡሎን የተለመደው ከ100 እስከ 140 ኢንች ፓውንድ ነው፤ ናይሎኑ ዳዶ ለራሱ መዞሪያ የሚጠይቀውን ጨምረሽበት።

ገንቢዋ፦ ቢበላሽብኝስ? ሪመሩ ቢያሰፋው?

መካኒኩ፦ መመሪያው ወደሚቀጥለው የቡሎን ልክ መሄድን ሊፈቅድ ይችላል፤ ጠርዙና የብረቱ ጥንካሬ ከፈቀዱ። ቀጣዩ 3/8 ነው፤ ሁለት እጥፉ 3/4 ኢንች። አንቺ ያለሽ 5/8 ከሆነ አይሆንም። በመካከል የኤንኤኤስ ቡሎኖች በ1/64 እና በ1/32 ኢንች የወፈረ ግንድ ያላቸው አሉ፤ ለጥገና ተብለው የተሠሩ። እሱንም ቢሆን ለኪቱ ፋብሪካ ጽፈሽ ሳታስፈቅጂ አታድርጊው።

ገንቢዋ፦ አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ ብሏል። የአርቪ ኪት አምራቹ ቫንስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1973 ከተመሠረተ ወዲህ ከ10,000 በላይ አርቪዎች በረዋል። ሁሉም በማይክሮሜትርና በሪመር አልተሠሩም። ብዙዎቹ በተራ ፑንታ ተበስተው እስከ ዛሬ ይበርራሉ።

መካኒኩ፦ እውነት ነው። ፕላኑ የሚጠይቀውን ያሟላ ይበርራል፤ ፑንታ በጥሩ እጅ ጥሩ ቀዳዳ ሊበሳ ይችላል። ሪመር አላደረገም ብዬ የማንንም አውሮፕላን አላስቆምም። እኔ የምልሽ ሌላ ነው፤ በፑንታ የበሳ ሰው ቀዳዳው ጥሩ መሆኑን ተስፋ ያደርጋል፣ አንቺ ግን ታውቂዋለሽ። ደግሞ አንቺ ፋብሪካ የሌለው ዕድል አለሽ። ፋብሪካ ማንኛውንም ቡሎን ለማንኛውም ቀዳዳ እንዲሆን አድርጎ መሥራት አለበት፤ ቶለራንስ የተፈለገው ለዚያ ነው። አንቺ አንድ አውሮፕላን ነው የምትሠሪው። አሥር ኤኤን 5 ቡሎኖች ገዝተሽ ለክተሽ፣ ለሪመርሽ የሚስማሙትን ሁለቱን መምረጥ ትችያለሽ።

ገንቢዋ፦ እንደ «ፀሐይ»? እ.ኤ.አ. በ1935 ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር አዲስ አበባ ላይ ከኢትዮጵያውያን ጋር የሠራት አውሮፕላን ብቸኛ ነበረች፤ ጣሊያን ወስዳት በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ነው የተመለሰችው። እንዲህ ያለው ወርክሾፕ ውስጥ እያንዳንዱ ዕቃ ለጎረቤቱ ተለክቶ ነው የሚገባው።

መካኒኩ፦ ጥሩ አመጣሽው። ነገር ግን ዋጋ አለው። ቡሎን መርጠሽ ለአንድ ቀዳዳ ስትሰጪ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ አውሮፕላኑን የሚገዛው ሰው ያንን ቡሎን አውጥቶ ከመደርደሪያ ያነሳውን 0.3092 ሊያስገባበት ይችላል። ይገባለታል፣ ዳዶውም ይጠብቃል፣ ምንም አይታየውም። ስለዚህ የቀዳዳውን ልክ፣ የቡሎኑን ልክ፣ የተጠቀምሽበትን ሪመር ግንባታውን በምትመዘግቢበት ደብተር ላይ ጻፊ። ያልተጻፈ ልክ ከአንቺ ጋር ይሄዳል።

ገንቢዋ፦ ይህን ሁሉ ማን ይፈትሸዋል? ባለሥልጣኑ ሲመጣ ቀዳዳው ውስጥ ቡሎን ገብቶ፣ ክንፉም ተሸፍኖ ነው የሚያገኘው።

መካኒኩ፦ አዎ፤ እሱ የቡሎኑን ራስና ዳዶውን ያያል እንጂ ግድግዳውን አያይም። የአሜሪካ ሕግ አማተር አውሮፕላን ሲል አብዛኛውን ክፍል ሠሪው ለራሱ ትምህርትና መዝናኛ የሠራውን ነው፤ የፋብሪካው ቦታ የአንቺ ሆኗል። ከዚያም በኋላ ያቺን አውሮፕላን በየዓመቱ የምትመረምሪበት ፈቃድ ማግኘት የምትችይው አንቺው ነሽ። ሠሪዋም መርማሪዋም አንድ ሰው ሲሆኑ መርማሪዋ የምታምነው ነገር ያስፈልጋታል፤ ቁጥር።

ገንቢዋ፦ እንግዲያው ቅዳሜ ክንፉ አይታሰርም። ቡሎን ይለካል፣ ቁርጥራጭ ላይ ሙከራ ይደረጋል፣ ከተስማማ 1/8 ይበሳና የጠርዝ ርቀቱ ይታያል። ሪመሩ ለሚቀጥለው ቅዳሜ።

መካኒኩ፦ የቀኙ ክንፍስ?

ገንቢዋ፦ ለእሱ ከአሥሩ ሌላ ቡሎን እመርጥለታለሁ።

መካኒኩ፦ ሁለቱን አሁኑኑ ምረጪ። ለግራው የተስማማው ሪመር ለቀኙ ቡሎን ከጠበበው ወይም ከሰፋው፣ ያኔ ሁለተኛ ሪመር ማዘዝሽ ነው።